ሳያዩ ቮልስ መግዛት፦ ውጭ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ያለች መኪና ስትገዙ

ቮልስ፣ ያችን አሮጌ ቮልስዋገን ቢትል፣ የሚወድ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ማታ ስልክ ላይ ፎቶ ይመጣል። ሰማያዊ ቮልስ፣ ኒኬሏ የሚያበራ፣ ጎማዋ በጥቁር የተወለወለ። መኪናዋ አዲስ አበባ ናት፤ እናንተ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወይም ፍራንክፈርት፣ ወይም ዱባይ ናችሁ። ደላላው «ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ሊያያት ቀጥሯል» ይላል።

እኔ ሳላይ ቮልስ ለመግዛት ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። በመጀመሪያው ቀብዴን አጥቼ ቀረሁ። ሁለተኛዋ ዛሬ እናቴ ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። ከሩቅ ለሚገዛ ሰው አደገኛዎቹ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የበሰበሰ ላሜራና የተበላሸ ወረቀት። ሞተር ይሠራል። ቀለም ይቀባል። ወንበር ይሰፋል። ወለሏ ያለቀ መኪና ግን ከተገዛችበት ዋጋ በላይ ልትበላ ትችላለች። ስሟ የማይዞር መኪና ደግሞ ጭራሽ የእናንተ አትሆንም። ስለዚህ ጊዜያችሁን እነዚህ ሁለቱ ላይ አውሉ።

«እዚሁ አሜሪካ ጥሩ ቮልስ አግኝቼ ብልካትስ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያሉን አገር ቤት ያሉት ናቸው።

1. ከመኪናዋ በፊት ዓይን ፈልጉ

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ መኪና ያገኛል፣ ከዚያ «ማን ይይልኝ?» ይላል። ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ሰው ያዙ።

የሚያስፈልጓችሁ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ መካኒክ ነው፤ ያውም ቮልስ ላይ የሠራ። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ራዲያተር የለውም። ዘመናዊ መኪና ብቻ ሲሠራ የኖረ ጎበዝ ልጅ እዚህ ላይ ሊሳሳት ይችላል። በየሰፈሩ ከቮልስ ጋር ያረጁ መካኒኮች አሉ። የቮልስ ባለቤቶችን ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል። ሻጩ ወይም ደላላው «እኔ የማውቀው መካኒክ አለ» ካለ አመስግናችሁ እለፉት።

ሁለተኛው ቪዲዮ የሚይዝላችሁና ወረቀት የሚከታተልላችሁ የቅርብ ሰው ነው። ለእኔ እህቴ ነበረች። መኪና መንዳት እንኳ አትችልም። ግን ትዕግሥት አላት፣ ይሉኝታ የላትም። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ሰው አይገኝም።

መካኒኩን በሄደበት ቁጥር ክፈሉት። ገዛችሁም አልገዛችሁም ክፈሉት። «ከገዛህ ጉርሻህን አስብልሃለሁ» ካላችሁት፣ «ተዋት፣ አትግዛት» ማለት ኪሱን ይጎዳዋል። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ ለሦስት መኪኖች ከፍዬ አንዷን ነው የገዛሁት። የሁለቱ ክፍያ በሕይወቴ በደንብ ካወጣኋቸው ገንዘቦች አንዱ ነው።

2. መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥር ጠይቁ

የሚያምር ፎቶ አትጠይቁ። ሞልቷል። የሻንሲ ቁጥሩን፣ ማለትም አካሏ ላይ የተቀጠቀጠውን የመኪናዋን መለያ ቁጥር፣ ፎቶ ጠይቁ።

ቁጥሩ የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተቀጥቅጦ ነው። ወንበሩ ብድግ ሲል ይታያል። ከዝገትና ከቀለም የተነሳ የማይነበብ ከሆነ ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ማሸት ነው፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። «ወንበሩ አይነሳም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው ላይ አቁሙ። የቮልስ የኋላ ወንበር ያለ መፍቻ በእጅ ይነሳል።

ቁጥሩ ዕድሜዋን ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የመኪናው ዓይነት ናቸው፤ ለተለመደችው ቮልስ ብዙውን ጊዜ 11። ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉ ዓመት መጨረሻ ነው። 117 ብሎ ከጀመረ 1967 ነው። 119 ከሆነ 1969። ከ1970 ሞዴል ወዲህ ቁጥሩ ከዘጠኝ ወደ አሥር አኃዝ አድጓል። ስለዚህ 115 ብሎ የሚጀምር ዘጠኝ አኃዝ 1965 ነው፤ አሥር አኃዝ ከሆነ 1975 ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ሻጩ «የ64 ናት» ይላችኋል። በማን አቆጣጠር? በእኛ 1964 ዓ.ም ከሆነ በፈረንጆቹ 1971 ወይም 1972 ናት። ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ አባቱ የገዙበትን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሰማ ያደገ ሰው ነው። ለእናንተ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። የቆዩት ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው፣ በኋላ የመጡት ባለ 12። መብራቱም፣ ሞተሪኖውም፣ የምትልኩት ዕቃም ይለያያል። ባትሪው ላይ ክዳኖቹን ቁጠሩ፦ ሦስት ከሆኑ 6 ቮልት፣ ስድስት ከሆኑ 12 ቮልት ነው። ሌላም አለ፤ የቮልስ የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ ወር አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ የተሠራች መኪና የ1967 ሞዴል ተብላ ብትገኝ አትደናገጡ።

ከዚያ የሞተር ቁጥር። ኋላ ኮፈኑ ሲከፈት፣ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው ያለው። ከፊቱ ፊደል አለ፦ ዲ ከሆነ 1200፣ ኤፍ ከሆነ 1300፣ ኤች ከሆነ 1500 ሞተር ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት መኪና ሞተሯ ቢቀየር ነውር አይደለም። ነውሩ የተቀየረው ሞተር ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ካልተመዘገበ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ አስተያዩ። አንድ ቁጥር ብትለይ «የጽሕፈት ስሕተት ነው» የሚለውን አትቀበሉ። ስሕተት ከሆነ ሻጩ ራሱ ሄዶ ያስተካክለው፣ ከዚያ ትነጋገራላችሁ።

3. ቪዲዮው በቀጥታ፣ አስቀያሚው ቦታ ላይ

ተቀርጾ የተላከ ቪዲዮ አትመኑ። የዛሬ ዓመት ክረምት ሳይገባ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም ወይም በሌላ በቀጥታ ደውሉ፣ ካሜራውን እናንተ ምሩት። «ወደ ቀኝ፣ ዝቅ በዪ፣ ባትሪ አብሪ» እያላችሁ። ሰዓቱ ቀን መሆን አለበት፤ መኪናዋም ደረቅ። ታጥባ ውሃ ላይዋ ያለ መኪና ላይ ስቱኮም (ከቀለም ሥር ጉድለት የሚሞላበት ልጥፍ) ጭረትም አይታይም።

የመጀመሪያዋ መኪና ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ቀይ ነበረች። ከፎቶው እንከን አላወጣሁላትም። እህቴ ሄደች። የኋላ ወንበሩን አነሳች፤ በቀኝ በኩል ባትሪው አለ፣ ሥሩ ጨርቅ ተነጥፏል። «ጨርቁን አንሺው» አልኳት። ሻጩ «እሱ ባትሪው እንዳይንቀጠቀጥ ነው» አለ። አነሳችው። ስልኬ ላይ ድንጋይ አየሁ። የግቢው ድንጋይ፣ ሳር በመሐሉ የበቀለበት። ወለል የለም። ባትሪው በሁለት ፌሮ ብረት ላይ ነበር የተቀመጠው። እህቴ ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ። ያኔ ቀብድ ከፍያለሁ።

ቮልስ የምትበሰብሰው ከዚያ ነው። የባትሪ አሲድ ወለሉን ይበላል፣ ክረምት የገባው ውሃ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

በመጀመሪያ የባትሪው ሥር። ባትሪው ወጥቶ፣ ጨርቁ ተነሥቶ ይታይ። እግረ መንገዳችሁን ባትሪው ከላይ መሸፈኛ እንዳለው እዩ፤ ከሌለው ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ከዚያ የፊት ወለሎች፣ ምንጣፉ ተገልጦ። መካኒኩ በመፍቻ እጀታ ቀስ እያለ ይንካው። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው።

ሦስተኛ በበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሳጥን። ሙቀት ከሞተሩ ወደ ፊት የሚመጣበት ነው፤ አካሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም እሱ ነው። ከውጭ ሲያዩት በመርገጫው ይሸፈናል። እዚህ ላይ ጋሼ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው መካኒኩን፣ አንድ ዘዴ አሳየኝ። መኪናዋን በክሪክ ከጎን በኩል ከፍ አድርጉና በሩን ክፈቱ። በሩ ከተያዘ ወይም ሲዘጋ ካልገጠመ፣ አካሏ እየታጠፈ ነው ማለት ነው። ክሪኩ የሚገባበት ራሱ ከተሰበረ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ማንም ሰው መኪናዋ ሥር እንዳይገባ፣ በክሪክ ብቻ ቆማ ሳለች።

አራተኛ የፊት ኮፈን ውስጥ፣ ተጠባባቂ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ። ጎማው ይውጣ።

አምስተኛ ከሥር፣ የፊት እግሮቹ የተያያዙበት ቦታ። ሥሯ በሙሉ በአዲስ ጥቁር ቅጥራን የተቀባ ከሆነ ጥያቄ አንሱ። ለሽያጭ ሲባል ትናንት የተቀባ ቅጥራን ብዙ ጉድ ይሸፍናል።

ፓራፋንጎዎቹን፣ የጎማ መከለያዎቹን፣ ብዙ አትጨነቁባቸው። በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ይፈታሉ፣ ይቀየራሉ። አካሉ ላይ ግን መካኒኩ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ያስኪደው። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። የእጅ መዳፍ የምታህል ስቱኮ ባለችበት ዕድሜ ትጠበቃለች። በሩ ግማሽ ድረስ ስቱኮ ከሆነ ግን ባትላሜራው ብረቱን ሳይሆን ቅርጹን ነው የሠራው።

4. ሞተሩ፣ ባጭሩ

ሞተር ይሠራል ብያለሁ፤ ቢሆንም ዋጋ ለመከራከር ማወቅ አለባችሁ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። እህታችሁ ስትደርስ መጀመሪያ ኋላ ሄዳ በእጇ ትንካው። ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ይቀጠር። ጠዋት በብርድ የማትነሳ መኪና ከሞቀች በኋላ ጥሩ ትመስላለች።

ከመነሳቷ በፊት መካኒኩ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) የሚዞርባትን የታችኛዋን ፑሌጃ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱና ወደ ሞተሩ ይግፋት። ካሜራው ቀረብ ይበል። መንቀሳቀሷ በዓይን የሚለይ፣ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ሞተሩ ወርዶ መከፈት አለበት። መጠኑ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም ማለፍ የለበትም፤ ያንን ደግሞ በስልክ አታዩትም። ካያችሁት በዝቷል።

ከዚያ የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የመጭመቅ ኃይሉ) ይለካ፣ መለኪያው በካሜራ ይነበብ። አራቱ መቀራረባቸው ነው ዋናው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ሦስተኛው ሲሊንደር ይበልጥ ይሞቃል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩ መንገድ ላይ ስላለ። እሱ ብቻ ዝቅ ካለ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ሊሠራ ነውና ወጪውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ትንሽ ዘይት ብታንጠባጥብ አትሸሹ። ቮልስ ናት። የቤንዚን ቱቦው ተሰነጣጥቆ ካያችሁ ግን እሱ ሳይቀየር ማንም እንዳይነዳት። የሞተሩ ቤት ማግኒዚየም አለበት፤ ከያዘው እሳቱ በቀላሉ አይጠፋም።

5. ዳገትና ቁልቁለት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ትንሽ ሞተር ጉልበት ያጥረዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ የተነዳች መኪና ምንም አልተፈተነችም።

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ውጡ። ፍሪሲዮኑ ካለቀ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ከዚያ ቁልቁል፤ ከፒያሳ በቸርችል ወደ ታች፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ። ማርሹ ራሱ እያመለጠ ከወጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ደክሟል። ታች ደርሳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላች ነው። እህታችሁ ከኋላ በሌላ መኪና ሆና ትቅረጽ።

6. ወረቀቱ

እዚህ ላይ ነው እኔ በጣም የምለምናችሁ። ለወረቀት ሲሆን «ሰውየው ደግ ነው» አይሠራም። ደግ ሰው እጅ የተበላሸ ወረቀት ይገኛል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የማን ነው? የሚሸጥላችሁ ሰው ራሱ ከሆነ ጥሩ። አሮጌ መኪና ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይደለም። ከአንዱ ወደ አንዱ በውክልና ብቻ እየተሸጠች፣ ስሟ ሳይዞር ሃያ ዓመት የቆየች ቮልስ ታጋጥማችኋለች። አሁን የሚሸጠው ሰው ውክልና ይዟል፤ ወካዩ የመጀመሪያው ባለቤት ነው። ባለቤቱ በሕይወት አለ? በመርሁ ወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ወረቀቱ ምንም ያህል ማኅተም ቢኖረው በሟች ስም ተፈርሞ የሚገዛ ነገር ችግር ይዞ ይመጣል። «ባለቤቱን በስልክ አገናኙኝ» በሉ። ካልተቻለ ለምን?

ባለቤቱ ከሞተ መንገዱ በወራሾቹ በኩል ነው። ፍርድ ቤት የሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ይኖራል፤ ወራሾቹ ሁሉ መስማማት አለባቸው። አንዱ ወራሽ ካናዳ ነው፣ ውክልና አልላከም፣ «ወንድማችን ነው፣ ምንም አይልም» ከተባለ፣ ውክልናው እስኪመጣ ጠብቁ። የአባት ቮልስ ነው የሚሸጠው። ያ ወንድም ምን እንደሚል አታውቁም።

ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ያስፈልጋል። ካላገባ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ። ይህን ቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ ፊርማው ቀን ውልና ማስረጃ ወንበር ላይ ትቀራላችሁ።

ቀጥሎ ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ እዳና እገዳ ይጣራ። ባንክ አስይዞባት፣ ወይም ፍርድ ቤት አግዷት ሊሆን ይችላል። ሊብሬው ንጹሕ መስሎ ፋይሉ ሌላ ሊናገር ይችላልና ፋይሉን ነው የምታምኑት። ስንት ዓመት ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ምልክት) እንዳልተለጠፈባትም ጠይቁ፤ የተጠራቀመው ክፍያ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ።

7. የእናንተ ውክልና

ለእህታችሁ ወይም ለወንድማችሁ የምትሰጡት ውክልና ባላችሁበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይረጋገጣል። አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ጊዜ ይወስዳልና መኪና ሳታገኙ በፊት ጀምሩት። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ምን ማስረጃ እንደሚፈለግ ኤምባሲውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሥልጣኑን ዘርዝሩ፦ መኪና ለመግዛት፣ የሽያጭ ውል ለመፈረም፣ ስም ለማዞር፣ ሊብሬ ለመረከብ፣ መድን ለመግባት፣ ቦሎ ለማስወጣት። ለመሸጥና ለመለወጥ የሚለውን አታስገቡ። ዘመድን ካለማመን አይደለም። የማያስፈልግ ሥልጣን ወረቀት ላይ ባይኖር ለእሱም ዕረፍት ነው።

8. ገንዘቡ

የእኔ ቀብድ እንዴት እንደቀረ አሁን ይገባችኋል። ሳላስመረምር ከፈልኩ፤ ወለሉን ሳይ ተውኩት። በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ያፈረስኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ቀብድ ከምርመራው በኋላ ነው። «ቁጥሮቹ ከሊብሬው ጋር ካልተስማሙ፣ ወይም እዳና እገዳ ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃልም በጽሑፍ ይግባበት።

ቀሪው በሻጩ ስም በተሠራ ሲፒኦ (የባንክ የክፍያ ማዘዣ) ይሁን። ሲፒኦው ከእህታችሁ ቦርሳ የሚወጣው ውልና ማስረጃ ላይ ፊርማው ሲያልቅ ነው። ሻጩ «ግብር እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ እንጻፍ» ሊል ይችላል። እምቢ በሉ። ነገ ክርክር ቢመጣ ማስረጃችሁ የተጻፈው ነው። የደላላውንም ኮሚሽን ማን ምን ያህል እንደሚከፍል ገና በመጀመሪያው ስልክ ተስማሙ።

9. ቁልፉ ከተያዘ በኋላ

ከሻጩ ግቢ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ጋራዥ ትሂድ። የቤንዚን ቱቦዎች በሙሉ ይቀየሩ፣ ዘይቱ ይቀየር፣ ማጣሪያ ወንፊቱ ይታጠብ፣ ቫልቮቹ ይስተካከሉ፣ ፍሬኑ ይፈተሽ። ሁለት ተኩል ሊትር ዘይት ብቻ ነው የምትይዘው፤ አንድ ሊትር ጎደለ ማለት ብዙ ነው። ቺንጋ ተጨማሪ ይገዛ፤ ቀይ መብራቱ እየሄዱ ከበራ ወዲያው ማቆም እንጂ «ቤት እስክደርስ» የለም። ቺንጋው ከተበጠሰ ማቀዝቀዣው አየርም ቆሟል።

ዕቃ ከውጭ ማግኘት አይቸግርም። ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ትሠራ ስለነበር ዛሬም አዲስ መለዋወጫ ይሸጣል። ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ የቤንዚን ቱቦ፣ የበር ጎማ፣ ሁሉም በሰው ሻንጣ ይሄዳል። ሲሄድ ከሻንሲ ቁጥሩ ፎቶ ጋር አዛምዱት፤ የ1965ቱ ለ1972ቷ ላይገጥም ይችላል።

መኪናዋ ቆማ የምትውል ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው አስነስቶ ሞቅ እስክትል ይንዳት፤ ግቢ ውስጥ ብቻ ማስነሳት አይበቃትም። እኔ ጋ ይህን የሚያደርገው የእህቴ ልጅ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት። ሲመለስ የባትሪውን አንድ ጫፍ ይፈታል፣ የኋላ ወንበሩን ያነሳና ወለሉን በእጁ ይዳብሳል። እርጥብ ከሆነ ይደውልልኛል።